«ሲስተም የለም» ሲባል ማን ይጠየቃል?

የደቻቱ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሬ ረዘም ይላል፤ የሆጃ ስኒያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በእርሱ ስም የምታገኘው ጡረታ በአንድ ባንክ በኩል ይገባላታል። ባንኩ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ደንበኛ ሁሉ ሂሳቡን ከፋይዳ ቁጥሩ ጋር ያገናኝ የሚል። እሰየው አልን። እናቴ መታወቂያውን ካወጣች ቆይታለች፤ 12 አኃዝ ያለውን ቁጥሯንም እንደ ዳዊት በቃሏ ትወጣዋለች። ጉዳዩ የግማሽ ሰዓት መስሎን ነበር።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት በሩ ሳይከፈት ደረስን። በድሬ ሙቀት አዛውንት ይዞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሰለፍ ኃጢአት ነው። ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ (ትሑት ልጅ ነው፤ ለእናቴ ወንበር ያስመጣላትም እርሱ ነው) ኮምፒውተሩን አየት አደረገና «እማማ፣ ሲስተም የለም» አላት። እናቴ ዞር ዞር ብላ አዳራሹን ቃኘች። «እርሱም ስብሰባ ገባ?» አለች።

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። እርሷ ግን አልቀለደችም። በእናቴ ዘመን ጉዳይ የሚቆመው ሰው ሲጠፋ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል፣ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ለቅሶ ሄዷል፣ ቁልፍ የያዘችው ወልዳ ተኝታለች። ሰው ሲጠፋ ይፈለጋል፤ ቤቱ ይኬዳል፤ የሚያውቀው ሰው ይላክበታል። የሲስተም ቤት ወዴት ነው?

ከ3 ቀን በኋላ ተመለስን። ሲስተም ገብቷል፤ ስም ግን አልገጠመም። የእናቴ ስም በ«ፀ» ይጀምራል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ታዲያ የባንኩ ደብተር ላይ «ቲ» እና «ኤስ» ተጣምረው ሲቀድሙ መታወቂያው ላይ «ቲ»ዋ የለችም። በአንዲት ፊደል ምክንያት እናቴ ሁለት ሴት ሆና ተገኘች። ማመልከቻ ጻፍን፣ ፎቶኮፒ አያያዝን፣ ሳምንት ጠበቅን፣ ተስተካከለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ጣቷን አሻራ መቀበያው ላይ እንድታስቀምጥ ተጠየቀች። መሣሪያው አላነበበም። እናቴ 26 ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ሴት ናት፤ ክር የሚቀጠለው ደግሞ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። የጣቷ ጫፍ ተሟሽቶ እንደከረመ ምጣድ ለስልሷል። ልጁ ቀኙን ሞከረ፤ ግራውን ሞከረ፤ በሶፍት ጠረገላት። ወደ ቀለበት ጣቷ ሲያልፍ ፊቱ ተለወጠ። ሲስተሙ ሄደ።

እኔ የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለሁም። ውሃና መብራት የምከፍለው አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሲስተም ሲጠፋ ማንን ነው የምንጠይቀው? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።


ከዚራ ጥላ ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:58

ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ ኃላፊው የለም። አሁን ሲስተም የለም ተጨመረ። ዕድገት ማለት የሌለው ነገር ሲበዛ ነው።


ጡረተኛው ባቡረኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ልጄ፣ ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባትህ የምድር ባቡር ሰው ከነበረ ሳንተዋወቅ አልቀረንም።

ሰው ሁሉ የእኔን ዕድሜ አይቶ «ድሮ ይሻል ነበር» እንድል ይጠብቃል። አልልም። ድሬዳዋ ራሷ የመሣሪያ ልጅ ናት። ባቡሩ በ1895 እዚህ ባይደርስና ሐዲዱ የሐረርን ዳገት ፈርቶ ከታች ባይቀር ኖሮ ይህች ከተማ የአሸዋና የግራር አገር ሆና በቀረች ነበር። በመሣሪያ ተወልደን መሣሪያን ማማት አይገባንም።

የእኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያምር ነበር። ፈረንሳይኛ የተማሩ ጸሐፊዎች በቀለም ብዕር ይጽፉት ነበር፤ ፊደሉ እንደ ዳንቴል ነው። ነገር ግን ጡረታ ስወጣ ፋይሌ ጠፋ። 1 ዓመት ከ4 ወር ያለ ጡረታ ተቀመጥሁ። «ፋይልህ የለም» ይሉኛል፤ እኔ ፊታቸው ቆሜ አለሁ። የሰው መኖር የፋይል መኖርን አያክልም ነበር። በመጨረሻ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ አገኘችው። የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር አራት ተጣጥፎ ተሸጉጦ ነበር። የ31 ዓመት አገልግሎቴ ጠረጴዛ ሲደግፍ ከርሟል።

ስለዚህ ታገሥ። ሲስተም ይሄዳል፤ ይመለሳልም። ጠረጴዛ አይደግፍም።


የደቻቱ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠረጴዛዋን ነገር ለእናቴ ነገርኳት፤ «አባትህም ነግሮኛል፤ ያ ሰው እርሳቸው ናቸው?» አለች። ሳትተዋወቁ አልቀራችሁም።


ፎቶኮፒ ሳቢያን
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:50

ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ልጻፍ፤ ከከፈትሁ በኋላ ፋታ የለኝም።

2 ኮምፒውተር፣ 1 የፎቶኮፒ ማሽንና 1 የላሚኔሽን መሣሪያ አለኝ። ድሮ በፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አባቶች ነበሩ፤ ራፖር ጸሐፊ ይባላሉ። ዛሬ ራፖር ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ልዩነታችን አንድ ነው። እነርሱ ማታ ብዕራቸውን ይዘው ይገባሉ፤ እኔ የሰው ቁልፍ ይዤ እገባለሁ።

ላስረዳችሁ። ለፓስፖርት በኢንተርኔት ለማመልከት የሚመጣ ሰው ኢሜይል ያስፈልገዋል። የለውም፤ እከፍትለታለሁ። «የይለፍ ቃል ይምረጡ» ስለው «አንቺ ያልሽው ይሁን» ይለኛል። ነገ ረስቶት እንደሚመጣ ስለማውቅ ደብተር ላይ እጽፍለታለሁ። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ናት። የ140 ሰው ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይዛለች፤ አንዳንዱ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ «የወተት ነጋዴዋ»፣ «ባለ ነጭ ጥምጣሙ ሼኽ» እያልሁ። ማታ ስዘጋ ከገንዘቡ በፊት ቦርሳዬ የምትገባው እርሷ ናት።

ከሁሉ የሚያደክመኝ በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። አንዲት አዴ ከገጠር ይመጣሉ። ሲም ካርዱ በልጃቸው ስም የወጣ ነው፤ ስልኩም ከልጁ ጋር ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ነው። ቁጥሩ ሲላክ ወደ ደወሌ እንደውላለን። ልጁ ጭነት ላይ ነው፤ አያነሣም። ሲያነሣ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና እንልካለን። «ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ...» ሲል መስመሩ ይቋረጣል። በ8ኛው ሙከራ ተሳካ። አዴ እልል አሉ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አብሮ አጨበጨበ። ገንዘብ መቀበል አፍሬ የ1 ፎቶኮፒ ብቻ አስከፈልኋቸው።

ደግሞ አንድ ነገር ግርም ይለኛል። ዲጂታል መታወቂያ የያዘ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ለምንድን ነው? አሳትሞ፣ 3 ፎቶኮፒ አንሥቶ፣ በስቴፕለር መትቶ ለማስገባት። አልከፋኝም፤ እንጀራዬ ነው።


ሦስት ጎማ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:35

ሁላችሁም ታማርራላችሁ። እኔ ላመስግን፤ ባጃጅ ነጂ ነኝ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእኛ ጠብ ሁሉ የመልስ ጠብ ነበር። ተሳፋሪ ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ይዞ ይሳፈራል፤ ሲወርድ 100 ብር ይዘረጋል። «ዝርዝር የለኝም» እላለሁ። «ሆን ብለህ ነው» ይለኛል። ለ5 ብር ብለን አያት ቅድመ አያት ጠርተን እንሰዳደብ ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ ይከፍላል፤ «ደርሶሃል?» ይላል፤ ደርሶኛል፤ ሰላም እንለያያለን።

ሳፋሪኮምም አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እዚሁ ድሬ ላይ ነው። ያን ሰሞን በ07 የሚጀምር ቁጥር ያልያዘ የሠፈር ልጅ አልነበረም። እኔ 2 ሲም አለኝ፤ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እሠራለሁ። ነዳጅ በስልክ መክፈል ግዴታ ሲሆንም ያልተቸገርሁት ለዚህ ነው። ኔትወርክ ከሁለቱም የጠፋ ቀን ግን ማደያው በር ላይ ገንዘብ በኪሴ፣ ነዳጅ በጉድጓዱ እያለ ቆሜ እውላለሁ። ያን ቀን የእናትህን ጥያቄ እኔም ጠይቄያለሁ።

ፎቶኮፒ ሳቢያን፣ ያንን ደብተር አቃጥይው። ሌባ ቢወስደው በ140 ሰው ስም ትጠየቂበታለሽ።


ፎቶኮፒ ሳቢያን
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

ባቃጥለው በማግስቱ 140 ሰው በሬ ላይ ይሰለፋል። ያኔ አንተ ባጃጅህን ይዘህ መጥተህ ታስረዳልኛለህ።


ሦስት ጎማ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:52

እኔ እስከ በርሽ አድርሻቸው እመለሳለሁ። ሒሳብ በስልክ።


ጀጎል ውስጥ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

እኔ ከሐረር ነኝ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ 9 ዓመት ተቀምጫለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሐረር ትንሽ ናት።

እናንተ ከመስኮቱ ወዲያ ሆናችሁ የምታዩት የኮምፒውተሩን ጀርባ ነው። እኔ የማየው ነጭ ገጽ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ክብ ናት። አንዳንዴ 20 ደቂቃ ትሽከረከራለች። መረጃው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ መስመሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ችግር ሲፈጠር የምደውልበት ቁጥር ተሰጥቶኛል። ይጠራል፤ አይነሣም። ባለጉዳዩ እኔን ይጠይቃል፤ እኔ ስልኩን እጠይቃለሁ። ስለዚህ እኔም ባለጉዳይ ነኝ፤ ልዩነቱ ወንበር አለኝ።

አሁን የምጽፈውን ስሜ ስላልተጻፈ ነው የምናገረው። ሲስተም እያለ «የለም» ያልሁበት ቀን አለ። ልጄ ታሞብኝ ነበር፤ ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ረጅም ጉዳይ የያዙ አንድ ሽማግሌ መጡ። አፌን ከፍቼ «ሲስተም የለም» አልሁ። እርሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። ድሮ ቢሆን «ኃላፊው የሉም» ብዬ ስዋሽ ኃላፊው ከኋላዬ ካለው ቢሮ ሊወጣ ይችላል፤ እፈራለሁ፤ ዐይኔም ያፍራል። ሲስተም ላይ ሲላከክ ግን ዐይን አያፍርም። ምስክር የለበትም። የሽማግሌው «እሺ ልጄ» እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ጀጎል ውስጥ ስናድግ መታወቂያችን «የማን ልጅ ነህ?» የምትል ጥያቄ ነበረች። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ አፎቻው (የሠፈሩ መረዳጃ ማኅበር) ከመዝገብ ቤት ቀድሞ ያውቃል። አሁንም ያውቃል፤ ግን የአፎቻ ምስክርነት ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለም።

በአዲስ አበባ በ2017 የተከፈተውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት «መሶብ» እንዳሉት ስሰማ ፈገግ ብያለሁ። ሐረር የስፌት አገር ናት። መሶብ የሚሰፋው ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ዳር ነው፤ ዳሩ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስም አውጪዎቹ ይህን አስበውበት ከሆነ ብልሆች ናቸው።


ጳጉሜን 3
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

የዚህ መጠሪያዬ ምክንያት የልደት ቀኔ ነው። ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ፕሮግራምም እጽፋለሁ። ስለዚህ የተበዳይም የበዳይም ወገን ነኝ።

ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበኝ ሲሄድ አባቴ የቀረበለት ቅጽ 12 ወር ብቻ ነበረው። ጳጉሜን የሚባል የለም። «መስከረም 3 ይሁን» ተባለ። 5 ቀን ብቻ ነው ልዩነቱ፤ ግን ዓመቱ ስለሚለወጥ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት አነስሁ። ዛሬም ቢሆን ቅጽ የሚሠራ ጓደኛዬን በጳጉሜን የተወለደ ሰው አስመዝግብ ብዬ ሳልፈትነው አላልፍም። ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

የሰዓት ነገር ደግሞ አለ። የሥራ ባልደረባዬ በኢንተርኔት ቀጠሮ ያዘ፤ «2:00» ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄደ። ዘበኛው ወረቀቱን አይቶ «ይህ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የሚሉህ» አለው። በ8 ሰዓት ተመለሰ፤ በሩ ዝግ ነው። ለምን? ቀጠሮውን የሰጠው ኮምፒውተር ድሬዳዋ በቀትር ሙቀት ምክንያት ረጅም እረፍት እንዳላት አያውቅም። ዘበኛው ያውቃል። ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መካከል ሁለቱንም ሰዓት የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነበር።

ወደ እናትህ ስም ልመለስ። የአማርኛን ስም በላቲን ለመጻፍ ሁሉም የሚከተለው አንድ ሕግ የለም። መሐመድ የሚባሉ ተማሪዎች አሉኝ፤ በአንድ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ ስማቸው በ5 ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ሰፍሯል። በአማርኛውም ቢሆን ለእኛ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ፊደል በፊደል ሲያወዳድር ልዩነት ያያል፤ እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን እንዲህ አወዳድር ብሎ ያዘዘው ሰው ነው። ከማወዳደሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ትእዛዝ መጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ላቲኑ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ግን ስሙ ተቀራራቢ ከሆነና የልደት ቀኑ ከገጠመ «አይደለም» ከማለት «ሰው ይመልከተው» ማለት ይቻላል።

ለጥያቄህ መልሴ ይህ ነው፤ ሲስተም ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አለ። ስሙን በሩ ላይ አልለጠፉትም እንጂ።


የቀድሞ መዝጋቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ለአሻራው እኔ ልምከር፤ ይህን ሥራ ሠርቻለሁ።

ምዝገባ ሲደረግ የሚወሰደው የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዐይን ብሌንና የፊት ፎቶ ነው። አሻራ ብቻ የማይሆነው እንደ እናትህ ላሉት ነው። ድንጋይ ፈላጭ፣ ልብስ አጣቢ፣ ስፌት ሰፊ፣ ጭቃ አቡኪ፣ የእነዚህ ሰዎች አሻራ ተበልቷል። መጀመሪያ ሲገጥመኝ «እጅዎን በደንብ ይታጠቡ» እላቸው ነበር፤ ተሳስቼ ነው። የድሬ ሙቀት ቆዳን ያደርቃል፤ በሳሙና ሲታጠብ ይብሳል። እጇን ለብ ባለ ውሃ ትንከር፤ ትንሽ ቫዝሊን ትቀባ፤ ጥቂት ቆይታ በጨርቅ ትጥረገው፤ ከዚያ ጣቷን ጫን ሳታደርግ አሳርፋ ታቆየው። ሰው አልነበበም ሲባል አጥብቆ ይጫናል፤ ሲጫን የቀረችው መስመር ትጠፋለች።

ያም ካልሆነ ወደ ስልክ በሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር እንዲያደርጉላት ጠይቅ። ስልኩ ከእርሷ ጋር መሆኑን ግን አረጋግጥ፤ ደወሌ እንዳይሆን።

አንዲት ሴት አስታውሳለሁ፤ 10 ጣቷም እምቢ አለ። አፍራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። የሥራ እጅ ነው፣ ምን ያሳፍራል አልኋት። ዐይኗ ግን በመጀመሪያ ሙከራ ገባ።


ከዚራ ጥላ ሥር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:44

«ስልኩ ደወሌ እንዳይሆን» የሚለው በየባንኩ በር ላይ ይለጠፍ።


አንቀጽ በአንቀጽ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:15

ሕግ አንባቢ ነኝ፤ እንደ ሙያዬ ልግባበት። የተነሡት ጉዳዮች ሕግ ያጡ አይደሉም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ፎቶኮፒ ሳቢያን፣ የአንቺን ደብተር ሳነብ መጀመሪያ ያሰብሁት እርሱን ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ይደነግጋል። 3 ፎቶኮፒ የሚጠይቁ ሁሉ ቢያነቡት አይከፋም።

ለዚህ ውይይት ግን የሚቀርበው የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዝዛል። ባንክ በዚህ አዋጅ የሚገዛ አስተዳደራዊ ተቋም ስላልሆነ የእናትህን ጉዳይ በቀጥታ አይሸፍነውም። ልማዱን መዋስ ግን ማንም አይከለክልህም። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ጉልበቱ ውሳኔ አለመምሰሉ ላይ ነው። እምቢ አላሉህም፤ እሺም አላሉህም። ወረቀት የለው፣ ቀን የለው፣ ፊርማ የለው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ተመልሰህ ለአራተኛው ሰው የምታሳየው ምንም ነገር የለህም።

በሚቀጥለው ሲሉህ ተቆጥተህ አትውጣ። «ሲስተም ስለሌለ በዚህ ቀን ተመልሰዋል ብላችሁ ጻፉልን» በል። በትሕትና።


ጀጎል ውስጥ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:10

አንቀጽ በአንቀጽ፣ ይህን ምክር ለሐረር ሰው አትስጥብኝ። በቀን 40 ወረቀት እጽፋለሁ።

(እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ሽማግሌው ጻፊልኝ ቢሉኝ ኖሮ እጄ የሚንቀሳቀስ አይመስለኝም።)


ጡረተኛው ባቡረኛ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10:00

በእኛ ጊዜ ባቡር ሲዘገይ የጣቢያው ሹም ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የዘገየበትን ሰዓት ይጽፍ ነበር። ባቡሩን አያፈጥነውም። ተሳፋሪው ግን ሄዶ ሻይ ይጠጣ ወይስ ይቀመጥ እንደሆነ ያውቃል። 6 ሰዓት ዘግይቶም ሰው ሹሙን አይሰድብም ነበር፤ የሚሰደበው ጠመኔውን ያላነሣ ቀን ነው።


የደቻቱ ማዶ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 5:25

አሁን ከባንክ መመለሳችን ነው። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታለች፤ እኔ እጽፋለሁ።

የቀድሞ መዝጋቢ እንዳልከው ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ቫዝሊን ተቀባች። «ለሠርጌም እንዲህ አልተደረገልኝ» አለች። ባንክ ደረስን። ያው ልጅ ነው። የቀኝ ሌባ ጣቷን አሳረፈች፤ ሳትጫን ጠበቀች። አረንጓዴ በራ! ልጁ ከእኛ በላይ ደስ አለው። አንድ ነገር ጫን አደረገ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ጫን አደረገ። ከዚያ ፊቱን አየሁትና ገባኝ። ጀጎል ውስጥ ያለችው ክብ እየዞረች ነበር።

«እማማ...» አለ።

«ሲስተም የለም» ብላ ጨረሰችለት።

አንቀጽ በአንቀጽ ያለኝን አስታወስሁ። «ወንድሜ፣ ዛሬ መጥተን አሻራው ተነብቦ፣ ሲስተም ስለጠፋ መመለሳችንን ጻፍልን» አልሁት። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አንሰጥም አለ። ኃላፊውን ጥራልኝ አልሁ። ኃላፊው ወጡ፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ለእናቴ እጅ ነሥተው ሰላም አሏት። ነገሩን አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ደብዳቤ የሚታተመው ከሲስተሙ ነው» አሉኝ። ማንም አልሳቀም፤ እርሳቸው ራሳቸው ግን ያሉትን ከሰሙ በኋላ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ልጁ መሳቢያውን ከፈተ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ቀደደ። በእጁ ጻፈ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጣንበትን ጉዳይ፣ አሻራው መነበቡን፣ ሲስተሙ መቋረጡን። ኃላፊው ፈረሙበት፤ ቲተራቸውን መቱበት። ደግሞ ከታች የስልክ ቁጥር ጨመሩና «ሰኞ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉልኝ፤ ካለ እነግራችኋለሁ» አሉ። ይኸው ነው። የሦስት ሳምንት ምልልስ ያላመጣውን ስልክ ቁጥር ግማሽ ገጽ ወረቀት አመጣው።

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፈች ታነባለች፤ ስለዚህ ጊዜ ይወስዳል። ሰልፉ ጠበቀ። «ጽሕፈትህ ያምራል ልጄ» አለችው። ከዚያ ስሟ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«የኔ ፀሐዩ ፀ ነው» አለች። «አንተ የጻፍከው ጸሎቱ ጸ ነው።»

ልጁ ብዕሩን አነሣ።